ጤፍ ነው ወይስ ደን? የአዲስ ቅዳም ሁለት ቃዳ በአገሮች ሠንጠረዥ ውስጥ

491። 491። 491።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የደን ሀብት ግምገማ ላይ የኢትዮጵያ ረድፍ እንዲህ ነው የሚነበበው። የተተከለ ደን ስፋት ነው፤ በሺህ ሄክታር። በ1990 491 ሺህ። በ2000 ያው። በ2005 ያው። በ2010 ላይ 511 ሺህ ይልና ያቆማል።

(ከወዲሁ ልናገር፤ የሰነዶቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር እተዋቸዋለሁ፤ የራሴን ጉዞዎች በእኛው። ካልሆነ ሁላችንም እንጠፋለን።)

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ረድፍ ሲያይ ይስቃል። በእነዚያ 15 ዓመታት ከመራዊ እስከ ዳንግላ የመንገዱ ግራና ቀኝ በባሕር ዛፍ ሲሞላ በዓይናችን አይተናል። አጣና ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ እየቆጠርን ነው ያደግነው። ሠንጠረዡ ግን ንቅንቅ አላለም። የድሮው ቁጥር እየተገለበጠ እንደመጣ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ረድፍ ያገኘሁት ሥራ ታዝዤ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ስብሰባ የሚሆን ንጽጽር ፈለገ። ኢትዮጵያና አንድ ሌላ የአፍሪካ አገር፣ በተተከለ ደን ስፋት፣ ከ1990 ወዲህ እንዴት እንደሄዱ የሚያሳይ። «ሁለት መስመር ይበቃል» ተባልኩ። «የእኛ ወደ ላይ ቢወጣ ደስ ይለናል» ብሎ የቀለደም ነበር። ቀልድ መሆኑን ግን እስከዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰሞኑ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበት ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ችግኝ ነው።

ሁለተኛውን አገር እኔ እንድመርጥ ተፈቀደልኝ። ደቡብ አፍሪካን መረጥኩ። አንደኛው ምክንያት ስፋቱ ነው። ለንግድ የተተከለ ደኗ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ ከመሬቷ 1 በመቶ። የእኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ምክንያት ዛፉ ነው። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚለው ዛፍና ደቡብ አፍሪካ ለቆዳ ፋብሪካ የምትተክለው የግራር ዘር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመጡት ከአውስትራሊያ ነው።

ሦስት ቀን ይፈጃል ብዬ የጀመርኩት ሥራ ነበር።

ወረቀቱ ላይ

ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የያዝኩት ያንን 511 ሺህ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ተላከልኝ። እሱ ደግሞ የአገሪቱ የተተከለ ደን 972,000 ሄክታር ነው ይላል። በአንድ ዓመት ልዩነት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በአንድ ዓመት ይህን ሁሉ የተከለ አገር ደግሞ የለም።

ዝርዝሩን ሳየው ነገሩ ተገለጠልኝ። ከ972,000 ውስጥ ለፋብሪካና ለጣውላ ተብሎ በትልልቁ የተተከለው 190,400 ሄክታር ብቻ ነው። በከተሞች ዙሪያ ለማገዶ የተተከለው 26,700። የቀረው 754,900 ሄክታር የገበሬ ነው። ጓሮ ላይ፣ ማሳ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ። ከአራት እጁ ሦስቱ እጅ ያለው በመንግሥት መዝገብ ላይ በወጉ ያልሰፈረ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ፋኦም በ2015 ግምገማው 972 ሺህን ወሰደ። እንግዲህ አንድ የቸኮለ ሰው የ2010ን መጽሐፍና የ2015ን መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ኢትዮጵያ በአምስት ዓመት የተተከለ ደኗን በእጥፍ አሳደገች ሊል ነው። ያ የቸኮለ ሰው ለአንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ነበርኩ። መስመሩ ወደ ላይ ሲተኮስ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በጠቅላላው ደን ላይ ያለው ወጥመድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ የ2020ው ግምገማ ሲወጣ ነው። የ2015ው የኢትዮጵያን ደን 12.5 ሚሊዮን ሄክታር አድርጎት ነበር። የ2020ው 17 ሚሊዮን አደረገው። ጨመረ? ኧረ የለም። ያው የ2020 መጽሐፍ በራሱ ረድፍ ላይ ደኑ በየዓመቱ 73 ሺህ ሄክታር እየቀነሰ እንደመጣ ይጽፋል። በመካከል የተለወጠው ካርታውና ትርጉሙ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 የራሷን የደን ትርጉም አወጣች፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር፣ የዛፉ ጥላ ቢያንስ የመሬቱን 20 በመቶ የሚሸፍን። የፋኦ ቁመት 5 ሜትር፣ ጥላው 10 በመቶ ነበር። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ሲወርድ ትናንት ቁጥቋጦ የነበረው ቆላ ሁሉ ደን ሆኖ አደረ። ደቡብ አፍሪካም በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ከ9.2 ሚሊዮን ወደ 17 ሚሊዮን ዘላለች። ሁለት አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በወረቀት ላይ አብረው ለመለሙ።

ከዚህ የተማርኩት የሥራ ሕግ ቀላል ነው። ሁለት አገር ስታወዳድር ሁሉንም ዓመት ከአንድ መጽሐፍ ውሰድ። ከአዲሱ። የድሮውን ቁጥር ከድሮው መጽሐፍ እየለቀምክ አትቀጥል። አዲሱ መጽሐፍ የ1990ንም ቁጥር እንደገና አስልቶ ያስቀምጥልሃል።

ይህ ግን የሚያስተካክለው መስመሩን ነው። ውስጡ ያለውን አይነግርህም። እሱን ፍለጋ ነሐሴ ላይ አዲስ ቅዳም ወረድኩ።

ማሳው ላይ

አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ዳንግላን አልፈህ፣ እንጅባራ ሳትደርስ ታገኛታለህ። አካባቢው ደጋ ነው። በዓመት ከ2,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዘህ ብትወርድም የሚበሰብሰው ከጉልበትህ በታች ያለው ነው።

ዝናቡ በረከትም እዳም ነው። ለዘመናት አፈሩን እያጠበ አሲዳማ አድርጎታል። ጤፉ ይቀጭጫል፣ ገብሱ ቢጫ ይሆናል። ኖራ ጨምሩ ይባላል፤ ኖራው ግን ከሩቅ ይመጣል፣ ብዙ ይፈልጋል። ዲከረንስ እዚህ መሬት ላይ ነው የተዋጣለት። አሲዱን ይችላል፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈር ውስጥ ይተዋል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል። መጀመሪያ አካባቢ ለማገዶና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ነው የመጣው። ገበሬው ግን ገበያውን ራሱ አገኘው። ከአዲስ አበባ፣ አልፎም ከሱዳን።

የቀበሌዋ ዲኤ፣ ማለትም የግብርና ልማት ሠራተኛዋ፣ አንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ ወሰደችኝ። ሁለት ቃዳ ነው። በዚያ አገር አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ስለሚሆን ሁለቱ በትክክል ግማሽ ሄክታር ናቸው።

ያየሁት ጤፍ ነው። ቁርጭምጭሚት የማይደርስ፣ ገና መሬቱን አረንጓዴ እያለበሰ ያለ ጤፍ።

«ደኑ የታለ አባቴ?» አልኩ።

«የረገጥከው።»

እግሬን አነሳሁ። ስንዝር የምታህል፣ ቅጠሏ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ችግኝ ጎንበስ ብላለች። ቀና ብዬ ሳይ ማሳው ሙሉ ናቸው። አንድ እርምጃ፣ አንድ ችግኝ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ችግኝ። ጤፉ በመካከላቸው ተዘርቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ችግኝና ጤፍ አንድ ላይ። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር ይበቅላል፤ እየታጨደ ለከብት ይሄዳል፣ ይሸጣል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ይቆረጣል፣ ይከሰላል። ከዚያ መሬቱ ይታረስና እንደገና ጤፍ ከነችግኙ። ዛፉን እንደ ሰብል ነው የሚያዩት። ሰብሉ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ዲኤዋን ይህ ማሳ በአንቺ ፎርም የት ነው የገባው አልኳት። ሳቀች።

«ሁለት ቦታ» አለች። «የመኸር ሰብል ላይ ግማሽ ሄክታር ጤፍ። የተፈጥሮ ሀብት ላይ ደግሞ ችግኝ።»

እውነቷን ነው፣ ሁለቱም አለ። ግማሽ ሄክታር መሬት ግን ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ሄክታር መስሎ ይወጣል። የይዞታ ደብተሩን ካየህ ደግሞ ሦስተኛ መልስ አለ፦ የእርሻ መሬት።

የፋኦ ትርጉም ምን ይል ይሆን ብዬ ማታ እንጅባራ አልጋ ቤት ውስጥ ሰነዱን ከፈትኩ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ነው ያነበብኩት። ለካስ ለዚህም አንቀጽ አለው። በዛፉ የመጀመሪያ ዓመታት ብቻ ሰብል የሚዘራበት አሠራር እንደ ደን ይቆጠር ይላል። ዛፉ 5 ሜትር ባይሞላም ቦታው ላይ ሊሞላ የሚችል ከሆነ ይበቃል። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የሚተከል ከሆነ ባዶው መሬት ራሱ ደን ነው። ስለዚህ በሕጉ ከሄድን የሽማግሌው ጤፍ ደን ነው። ዘንድሮም ደን ነው፣ ሲቆረጥም ደን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የፋኦ ትርጉም ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ ይላል። ሁለት ቃዳ ልክ ግማሽ ነው። በኢትዮጵያ ትርጉም ያልፋል፣ በፋኦ ለጥቂት ይወድቃል። ደግነቱ የጎረቤቱም ማሳ ዲከረንስ ነው፤ ድንበሩን ዛፉ አያውቀውም፣ ተያይዞ ያልፋል።

ሳተላይቱስ? ሳተላይት ሐሳብ አያነብም። ነሐሴ ላይ ጤፍ ያያል፣ ታኅሣሥ ላይ ቃርሚያ። መቶ ሄክታር በአምስት ዓመት ዙር የሚሽከረከር ዲከረንስ እንበል። በየዓመቱ 20 ሄክታር ይቆረጣል፣ 20 ሄክታር ይተከላል። በትርጉሙ መቶውም ደን ነው። በአንድ ቀን ምስል ግን ከ80 አይበልጥም፤ ችግኙ ገና ያልታየው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ስለ ፋግታ ለኮማ የተሠሩት የሳተላይት ጥናቶች ዛፉ እየሰፋ፣ የእርሻው መሬት እየጠበበ መምጣቱን ያሳያሉ። አቅጣጫው አያከራክርም። ስንት ሄክታር ነው ካልከኝ ግን በየትኛው ወር፣ በየትኛው ትርጉም ብዬ መልሼ እጠይቅሃለሁ።

በማግስቱ ከሰሉን አሳዩኝ። የሌላ ሰው ማሳ ነው፣ ዛፉ ስድስት ዓመቱ። ወጣቶች ይቆርጣሉ፣ ይከትፋሉ። ግንዱን አስተካክለው ይከምራሉ፣ በቅጠልና በሣር ይሸፍናሉ፣ ከዚያ አፈር ያለብሳሉ። ከአንድ ጎን ይለኩሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ሌሊትም ጭምር። አፈሩ አንድ ቦታ ከተደረመሰ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ነበልባል ይሆናል፤ ነበልባል ከሆነ የአምስት ዓመት ሥራ አመድ ነው። አንዱ ልጅ ጭሱን በአገጩ እያሳየ አስተማረኝ። ነጭና ወፍራም ሲሆን ዛፉ ገና ውኃውን እየጣለ ነው። ሲቀጥንና ሰማያዊ ሲመስል ደርሷል፣ ይደፈናል።

ክምሩ ያረፈባት ቦታ በሚቀጥለው ዓመት በሩቁ ትለያለች ይላሉ። ጤፉ እዚያ ላይ ጠቁሮ ይቆማል። እኔም በአንድ የድሮ ማሳ ላይ አይቻታለሁ፤ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ የተጣለ ጠቆር ያለ እራፊ ትመስላለች።

ደቡብ አፍሪካ

ደቡብ አፍሪካን በአካል አላየሁትም። የማውቀው ከሰነድና ከሳተላይት ምስል ነው። ምስሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ክዋዙሉ ናታል ላይ ስታቀርበው ደኑ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቀጥ ያለ ብሎክ፣ በመካከሉ እሳት እንዳይሻገር የተተወ ባዶ መንገድ፣ እንደገና ብሎክ። አዊን ስታቀርብ ደግሞ የተጣጣፈ ነጠላ ነው። በመካከሉ ድቡልቡል ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የወይራና የጥድ አገር በቀል ደን፣ ከእኛ ሠንጠረዥ ውጭ።

ያን የግራር ዘር ደቡብ አፍሪካ ያገኘችው በ1864 ነው፣ ናታል ላይ። ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ ሲውል ኖሯል። ዛሬ ከተተከለው ደን ግማሽ ያህሉ ፓይን ነው፤ ከቀረው ብዙው ባሕር ዛፍ፤ ግራሩ ጥቂቱን እጅ ይይዛል። አብዛኛው የትልልቅ ኩባንያ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ መቼ እንደተተከለ፣ መቼ እንደሚቆረጥ ተጽፎ ይገኛል። ለጣውላ የሚተከል ፓይን ከ25 እስከ 30 ዓመት ይቆማል። የእኛ ዲከረንስ በዚያ ዕድሜ አምስት ጊዜ ከሰል ሆኗል።

ስፋቱ ግን እየጨመረ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የንግዱ ደን 1.5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ 1.2 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በ1998 የወጣው የውኃ ሕግ ለንግድ ደን መትከልን የወንዝ ውኃ የሚቀንስ ሥራ ብሎ መደበው። ኩባንያው አዲስ መሬት ላይ ለመትከል የውኃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ውኃ ላነሰው አገር ይህ ምክንያታዊ ነው። ሽማግሌው ማሳ ላይ ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም። «ለዛፍ ፈቃድ?» አሉና ለሚስታቸው በአዊኛ ተረጎሙላቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ሌላም አለ። ያው ግራር ከብሎኩ አምልጦ በየወንዙ ዳር በራሱ በቅሏል። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 ጀምሮ ሰዎችን ቀጥራ ይህንኑ ታስቆርጣለች፤ ውኃዋን እየጠጣባት ነውና። ከአጥሩ ወዲህ የተተከለ ደን፣ ከአጥሩ ወዲያ አረም። ዛፉ አንድ ነው።

የሚያሳፍረው ነገር ደግሞ እዚያም ሁለት መዝገብ መኖሩ ነው። ፋኦ በ2010 ግምገማው ላይ የደቡብ አፍሪካን የተተከለ ደን 1.76 ሚሊዮን ሄክታር ያደርገዋል፤ ከ1990 ወዲህ ቀስ እያለ እንደጨመረ። የንግድ ደኑ ቆጠራ በበኩሉ መቀነሱን ይናገራል። እኔ የተጠየቅሁት ሁለት መስመር ነበር። አራት ሆነብኝ።

ስለ ችግኙም ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ። በአንድ ሜትር ርቀት ከተከልክ አንድ ሄክታር 10,000 ችግኝ ይወስዳል። ለጣውላ ሦስት በሦስት ሜትር ከተከልክ 1,100 ገደማ። ያ የሐምሌ 22 ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ሁሉም ጸድቆ እንበል። በአዊ አተካከል 35 ሺህ ሄክታር ይሆናል። በሦስት በሦስቱ 318 ሺህ ሄክታር። በአንድ ቁጥር ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት። ከችግኝ ተነስቶ ሄክታር የሚናገር ሰው ርቀቱን ካልነገረህ ምንም አልነገረህም።

ስላይዱ

ንጽጽሩን አስረከብኩ። ከአንድ መጽሐፍ የተወሰደ መስመር፣ ከሥሩ አራት ማስታወሻ። አንደኛው ማን እንደተከለው። ሁለተኛው ስንት ዓመት እንደሚቆም። ሦስተኛው ትርጉሙ መቼ እንደተቀየረ። አራተኛው ከተቆጠረው ውጭ ምን እንዳለ። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ ማስታወሻው ነው፤ መስመሩማ አሥር ደቂቃ ነው።

ስብሰባው ላይ የታየው ስላይድ ሁለት አሞሌ ነበረው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። ማስታወሻው ቦታ አልበቃም ተብሎ ተነስቷል። አንድ ተሰብሳቢ «ታዲያ ማን ቀደመ?» ብሎ ጠየቀ። ዞር ብለው አዩኝ። በመዝገብ እነሱ፣ በፍጥነት እኛ አልኩ። ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ማንም አልገፋበትም። መልሱን ግን ዛሬም ብጠየቅ አልለውጠውም። እነሱ የሚቆመውን ያውቃሉ። የእኛ ገበሬ ያለማንም ትእዛዝ፣ ያለማንም ብድር አንድ ወረዳ አልብሷል። ሁለቱን በአንድ አሞሌ ቁመት ማወዳደር በሬና ዶሮን በኪሎ እንደማወዳደር ነው፤ ይቻላል፣ ግን ምን ልታርስበት ነው?

ዝገቱ

ደቡብ አፍሪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የግራሩን ቅጠል የሚያቃጥል የዝገት በሽታ ታየ። ኡሮሚክላዲየም የሚባል ፈንገስ ነው፤ እሱም እንደ ዛፉ ከአውስትራሊያ። ዱቄቱ በነፋስ ይሄዳል። እዚያ የምርምር ተቋም አለ፣ ኩባንያ አለ፣ ፀረ ፈንገስ የሚረጭ መሣሪያ አለ፣ የሚቋቋም ዘር የሚፈልግ ሰው አለ። ደኑ ተጎዳ፣ ግን ቆመ።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አካባቢ አዊ ላይም ዝገቱ ወረደ።

ሰኔ 2014 ተመልሼ አዲስ ቅዳም ስገባ መጀመሪያ የታዘብኩት ቀለሙን ነው። የማውቀው የጠቆረ አረንጓዴ የለም። በየኮረብታው ላይ የተጠበሰ የሚመስል ቡናማ። አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ስለቀው መዳፌ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀረ። ሸሚዜም ላይ። ችግኝ ጣቢያዎቹ ባዶ ናቸው። ቀድሞ በየደጁ በፕላስቲክ ተሞልቶ የሚሸጠው ችግኝ ራሱ ገና ከአልጋው ሳይወጣ ይጨማደዳል አሉኝ። ሰው ያልደረሰውን ዛፍ እየቆረጠ ነው፤ ከመድረቁ በፊት ያገኘውን ከሰል ለማውጣት።

ይህ በሠንጠረዥ ላይ እንዴት ይጻፋል? የእነሱ በሽታ በዝርዝር ሰፍሯል፣ የትኛው ብሎክ፣ ምን ያህል። የእኛ መጀመሪያም በወጉ አልገባ፣ ሲጠፋ ከየት ይቀነሳል? በ754,900 ሄክታር ውስጥ ያለ ነገር ሲደርቅ 754,900 ንቅንቅ አይልም። ያ 491 ትዝ አለኝ።

ሽማግሌው በቤታቸው ነበሩ። አስታወሱኝ። «ደኑን የረገጥከው ልጅ» አሉ። ወደ ሁለት ቃዳቸው ወረድን። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ዛፍ ሚያዝያ ላይ ቆርጠውታል። ቀጭን ነበር፣ ከሰሉ ብዙም አልወጣው። አሁን መሬቱ ታርሶ ድንች ቆሞበታል። የክምሩ ቦታ ላይ ያለው ድንች ከሌላው ይበልጣል። ጥግ ላይ ከወደቀ ዘር የበቀሉ አምስት ስድስት ዲከረንሶች አሉ፤ ሁለቱ ጫፋቸው ተቃጥሏል።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ደንቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የሚተከል ከሆነ ደን ነው ይላል። ከ2014 አምስት ሲደመር 2019።

«ዛፉን መልሰው ይተክላሉ አባቴ?»

አረም እየነቀሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«መድኃኒቱ ከመጣ እተክላለሁ። ካልመጣ ድንች ነው።»

በደብተሬ ሠንጠረዥ ሳጥን ውስጥ ደንም ድንችም፣ ሁለቱንም ጻፍኩና ዓመቱን አከበብኩት።